አልኩዊን ያልፈጠረው ፊደል፤ አንግሎ ሳክሶኖች በአውሮፓ ብራና ላይ የተዉት አሻራ

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «በሻርለማኝ ዘመን በአውሮፓ የተስፋፋውን ግልጽና ውብ የፊደል አጣጣል የፈጠረው እንግሊዛዊው ሊቅ አልኩዊን ነው ሲባል አነባለሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ የአውሮፓን መጻሕፍት ያዳኑት የአየርላንድ መነኮሳት ናቸው ይባላል። ለመሆኑ አንግሎ ሳክሶኖች በአውሮፓ ምድር በተሠሩት የብራና መጻሕፍት ላይ ድርሻቸው ምን ነበር? አንድ መጽሐፍ የእነርሱ እጅ እንዳለበትስ በምን ይታወቃል?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አልኩዊን ያንን ጽሕፈት አልፈጠረውም። የአየርላንድ መነኮሳት ብዙ ሠርተዋል፤ ነገር ግን ከራይን ወንዝ በስተምሥራቅ፣ ዛሬ ጀርመን በምንለው ምድር፣ መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ ከቆዳው አፋፋቅ ጀምሮ ያስተማሩት በዋናነት አንግሎ ሳክሶኖች፣ ማለትም የጥንት እንግሊዞች፣ ናቸው። ያስተማሩትም ፊደል ብቻ አልነበረም። እንዲያውም ፊደላቸው በ9ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ከዚያ ምድር ጠፍቷል። የሥራ ልማዳቸው፣ መጻሕፍታቸውና የሐረግ ጌጣቸው ግን ከፊደሉ በላይ ዕድሜ አግኝተዋል። ረጅሙን መልስ ለሚፈልጉ እነሆ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአልኩዊን ልነሣ። አልኩዊን የዮርክ ከተማ ትምህርት ቤት ያፈራው ሰው ነው። ዛሬ ፈረንሳይንና ምዕራብ ጀርመንን ይገዙ ከነበሩት ከፍራንኮች ንጉሥ ከሻርለማኝ ጋር ኢጣሊያ ውስጥ በፓርማ የተገናኘው በ781 ሲሆን፣ በቱር የቅዱስ ማርቲን ገዳም የበላይ ሆኖ የተሾመው በ796 ነው። ጥያቄው ላይ የተነሣው፣ ካሮሊን የሚባለው ጽሕፈት ግን በሰሜን ፈረንሳይ በኮርቢ ገዳም፣ ማውርድራምኑስ አበ ምኔት በነበረበት ጊዜ፣ ማለትም ከ772 ገደማ እስከ 781 ድረስ በተጻፈው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎደስካልክ የተባለው ጸሐፊ ከ781 እስከ 783 ባለው ጊዜ ለሻርለማኝና ለንግሥት ሂልደጋርድ በሐምራዊ ብራና ላይ በወርቅና በብር የጻፈው የወንጌል ንባብ መጽሐፍም መጨረሻው ላይ ያለው የስጦታ ግጥም በዚሁ አጣጣል የተጻፈ ነው። አልኩዊን ቱር ሲገባ ፊደሉ በፍራንኮች ገዳማት ውስጥ ከተለመደ ቆይቷል። ፊደሉን ያወጡት የፍራንክ ቁም ጸሐፍት ናቸው፤ ከሮማውያን የወረሱትን አሮጌ ጽሕፈት ከትብትቡ አላቅቀው፣ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው አቁመው ነው ያገኙት።

ታዲያ ስሙ ከዚህ ጋር እንዴት ተያያዘ? ሰውየው ለመጻሕፍት የነበረው ስስት ልክ ስላልነበረው ነው። ቱር እንደገባ ለንጉሡ በጻፈው ደብዳቤ፣ በአገሩ የነበሩት ብርቅ መጻሕፍት እንደናፈቁት ገልጾ፣ ተማሪዎች ተልከው የብሪታንያን አበቦች ወደ ፍራንኮች ምድር እንዲያመጡለት ይለምናል። አበቦች ያላቸው መጻሕፍቱን ነው። ለቱር ጸሐፍት በጻፈው ግጥም ደግሞ ወይን ከመኮትኮት መጽሐፍ መጻፍ ይበልጣል ይላቸዋል፤ የተስተካከለ መጽሐፍ ፈልገው እንዲገለብጡና ሥርዓተ ነጥቡን እንዳይስቱም ያሳስባል። ከ807 እስከ 834 የቱር አበ ምኔት የነበረው ፍሪዱጊስም አንግሎ ሳክሶን ነበር። በዚያ ዘመን ቱር በዓመት ሁለት ያህል ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ እየጻፈ ለታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት ይልክ ነበር። ፊደሉን ያስፋፉት እነዚህ ግዙፍ መጻሕፍት በመሆናቸው፣ የአስፋፊው ስም ከጊዜ በኋላ የፈጣሪ ስም ሆኖ ቀረ።

የአየርላንዶቹን ውለታ ማቃለል አልፈልግም። ሊንዲስፋርን የተባለውን፣ በሰሜን እንግሊዝ በኖርዘምብሪያ ያለውን የደሴት ገዳም በ635 የመሠረተው አይዳን ከስኮትላንዷ ደሴት ከአዮና የመጣ የአየርላንድ መነኩሴ ነው፤ ለሰሜን አንግሎ ሳክሶኖች የፊደል አጣጣልን ያስተማሯቸው እነዚሁ መነኮሳት ናቸው። የሁለቱ ሕዝቦች እጅ እጅግ ስለሚቀራረብ የዘርፉ ሊቃውንት ሁለቱን ባንድነት፣ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ደሴቶች በመነሣት፣ «ደሴታዊ» ይሏቸዋል። ዛሬ ፓሪስ የሚገኘው የኤክተርናክ ገዳም ወንጌል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በማርቆስ ወንጌል መግቢያ ላይ በኋላ እግሮቹ ቆሞ የሚዘል አንበሳ አለበት፤ በመስመርና በማዕዘን መካከል ተወጥሮ፣ ከገጹ ሊያመልጥ የተዘጋጀ ይመስላል። ይህን አንበሳ የሣለው እጅ የአየርላንድ ይሁን የኖርዘምብሪያ፣ ወይስ እዚያው ኤክተርናክ የተቀመጠ መነኩሴ፣ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ይሁንና ወደ አውሮፓ ምድር ስንሻገር በሁለቱ መካከል ውኃ የሚያነሳ ልዩነት አለ። አየርላንዳዊው ኮሎምባኖስ በ590 ገደማ በቡርጉንዲ ምድር፣ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ፣ የሉክሶይን ገዳም መሠረተ። ገዳሙ ከመቶ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ ሥራ ስመ ጥር ሆነ፤ የራሱ የሆነ ውብ ጽሕፈትም ነበረው። ያ ጽሕፈት ግን ከሮም በወረደው የፍራንኮች የቢሮ ጽሕፈት ላይ የቆመ እንጂ የመሥራቹን የአየርላንድን አጣጣል የሚያስታውስ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ፉልዳ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በአንግሎ ሳክሶኑ ሰባኪ በቦኒፋስ ትእዛዝ በ744 የተመሠረተው ያ ገዳም ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ በመሥራቾቹ ፊደል ጽፏል።

ልዩነቱ በእኔ አመለካከት የመምህሩ ሳይሆን የአገሩ ነው። በጎል (በዛሬዋ ፈረንሳይ) ምድር የሮም ጸሐፍት ዘር አልተቋረጠም፤ ውል የሚጽፍ፣ መዝገብ የሚይዝ ሰው በየከተማው ነበር። ጸሐፊ ወዳለበት አገር የመጣ መምህር እንግዳ ነው፤ የእንግዳ እጅ ደግሞ ከሁለት ትውልድ በላይ አይዘልቅም። በጀርመኖቹ በሄሰንና በቱሪንጂያ ግን ሥር የሰደደ የጽሕፈት ባህል አልነበረም። ልጁ የመጀመሪያውን ፊደል የሚያየው በአንግሎ ሳክሶን መምህር እጅ ነበር፤ ሲያድግም ያንኑ ያስተምራል። በዚህ ላይ ዝምድናው አለ። ቦኒፋስ በ738 ለወገኖቹ በጻፈው ደብዳቤ፣ የአህጉሩ ሳክሶኖች ራሳቸው «አንድ ደም አንድ አጥንት ነን» እንደሚሉ ይጠቅሳል። ባሕሩን የተሻገሩት አንግሎ ሳክሶኖች ዘመድ አዝማድ፣ ወንድም እኅት አስከትለው ነው የመጡት፤ ከአገራቸው ጋርም መልእክተኛ ሳይቋረጥ ይጻጻፉ ነበር።

ቀድመው ከተሻገሩት አንዱ ዊሊብሮርድ ነው። በ658 ኖርዘምብሪያ ውስጥ ተወልዶ፣ በሪፖን ገዳም አድጎ፣ አየርላንድ ውስጥ 12 ዓመት ተምሮ፣ በ690 ወደ ፍሪስያ፣ ወደ ዛሬዋ ኔዘርላንድ ጠረፍ፣ መጣ። በ698 ዛሬ ሉክሰምበርግ ውስጥ ያለውን የኤክተርናክ ገዳም መሠረተ። የሚጸልይበት የነበረው የበዓላት መቁጠሪያ ፓሪስ ባለው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የኖቬምበርን ወር ገጽ ምስል ከፍተው ኅዳጉን ቢያጎሉት፣ ከወሩ ዝርዝር ውጭ በጠባቡ ቦታ ተጨናንቆ የተጻፈ አጭር ማስታወሻ ያገኛሉ። ክሌመንስ ዊሊብሮርድ ከክርስቶስ ሥጋዌ በ690ኛው ዓመት ባሕር ተሻግሮ ወደ ፍራንኮች ምድር እንደመጣ፣ በ695 ባይገባውም በሮም በጳጳሱ በሰርግዮስ እጅ ጳጳስ ሆኖ እንደተሾመ፣ አሁን ደግሞ 728ኛው ዓመት እንደሆነ ይናገራል። የ70 ዓመት ሽማግሌ በገዛ እጁ የጻፈው ነው ተብሎ ይታመናል። «ባይገባውም» የምትለውን ቃል ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ 38 ዓመት ሙሉ ከአገሩ የራቀ ሰው ሕይወቱን በሦስት ዓመተ ምሕረት ጠቅልሎ ኅዳግ ላይ ሲያስቀምጣት፣ ስለ ራሱ ያለው ይህችኑ ብቻ ነው።

በዚያች ማስታወሻ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ዓመትን ከክርስቶስ ሥጋዌ ጀምሮ መቁጠር በዚያን ጊዜ በፍራንኮች ዘንድ የተለመደ አልነበረም፤ ሰነዱ ሁሉ የሚቆጠረው በንጉሡ የንግሥና ዘመን ነበር። ከእኛ አቆጣጠር ጋር 7 ወይም 8 ዓመት የሚለያየው ይህ የመነኩሴው የዲዮናስዮስ አቆጣጠር በአውሮፓ ምድር ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ዋነኞቹ እነዚህ አንግሎ ሳክሶኖች ናቸው፤ የፋሲካ ማውጫ ሰንጠረዣቸውንና የሊቃቸውን የቤዳን መጻሕፍት ይዘው መጥተዋልና። የገዳማቱ መነኮሳት በዚያ ሰንጠረዥ ኅዳግ ላይ የዓመቱን ትልልቅ ድርጊት አንድ አንድ መስመር መጻፍ ለመዱ፤ የፍራንኮች ዜና መዋዕል አንዱ ምንጭም ይኸው ነው።

አሁን «በምን ይታወቃል?» ወደሚለው ልምጣ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው። ብዙ ሰው ፊደሉን አይቶ ሊፈርድ ይቸኩላል። እኔ ለተማሪዎቼ የምለው መጀመሪያ ቆዳውን ዳስሱ ነው። የፍራንክ ብራና ፋቂ ቆዳውን አሳስቶ፣ አለስልሶ ይሠራል፤ ጠጉር የነበረበት ወገን ቢጫ ብሎ፣ የሥጋው ወገን ነጭ ሆኖ ሁለቱ በግልጽ ይለያሉ። ቅጠሎቹን ሲደረድርም ጠጉሩን ከጠጉር፣ ሥጋውን ከሥጋ ያገጣጥማል፤ መጽሐፉን ሲገልጡት ግራና ቀኝ ያሉት ገጾች አንድ መልክ አላቸው። የደሴቶቹ ፋቂ ግን ሁለቱንም ወገን በሻካራ ድንጋይ አሽቶ ያሻክራል፤ ብራናው ወፍራም ነው፣ ሲነካ የለፋ ቆዳ ይመስላል፣ የትኛው ወገን የጠጉር እንደነበረ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ጠጉርን ከጠጉር ለማገጣጠም አይጨነቅም፤ የጠጉሩን ወገን ሁሉ ወደ ውጭ አድርጎ ይደረድራል፣ ሲገለጥም ጠጉር ከሥጋ ይተያያል።

ቀጥሎ የወስፌውን ቀዳዳ ይቁጠሩ። ወስፌና ደረቅ ማስመሪያ የእኛም ቁም ጸሐፍት መሣሪያ ስለሆኑ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የፍራንክ ጸሐፊ ቆዳውን ሳያጥፍ ይዘረጋዋል፤ በሁለቱ ዳር ዳር ወግቶ በአንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሰምራል። ስለዚህ ቆዳው ሲታጠፍ ቀዳዳው በእያንዳንዱ ቅጠል ውጭኛ ኅዳግ ብቻ ይቀራል። አንግሎ ሳክሶኑ ግን መጀመሪያ አጥፎ፣ ጥራዙን አዘጋጅቶ፣ ከዚያ ነው የሚወጋው። እያንዳንዱን ገጽ ለብቻ ስለሚያሰምር መነሻና መድረሻ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ በውጭው ኅዳግም፣ ስፌቱ አጠገብ ባለው ኅዳግም ነጥብ ነጥብ ቀዳዳ ይገኛል። የጥራዙ ቅጠልም ብዙ ጊዜ ይለያያል፤ በአህጉሩ 8 ቅጠል የተለመደ ሲሆን በደሴቶቹ 10 ቅጠል ያለው ጥራዝ አዘውትሮ ይገኛል።

ይህ ለምን ትልቅ ቦታ ተሰጠው ይሉኝ ይሆናል። ፊደል ከመጽሐፍ ላይ አይቶ መኮረጅ ይቻላል። ቆዳ መፋቅና በወስፌ መውጋት ግን ከመምህር ጎን ተቀምጠው፣ ስሕተቱ እየታረመ የሚለመድ ነው። ፉልዳ ወይም ቩርዝቡርግ በተጻፈ መጽሐፍ ላይ በሁለቱም ኅዳግ ቀዳዳ ሳይ፣ አንድ አንግሎ ሳክሶን መነኩሴ ከአንድ የጀርመን ልጅ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ይዞ ሲያሳየው ይታየኛል። ድብልቁም አለ። ትሪየር ካቴድራል ያለው የኤክተርናክ ሥራ የሆነው የወንጌል መጽሐፍ በሁለት ጸሐፍት የተጻፈ ነው፤ አንደኛው ስሙን ቶማስ ብሎ የተወ ሲሆን እጁ ደሴታዊ ነው፣ የሁለተኛው እጅ ግን ፍራንክ መምህር እንዳስተማረው ይመሰክራል። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሠርተዋል።

ከዚህ በኋላ ፊደሉ ይመጣል። የአንግሎ ሳክሶን ንዑስ ፊደል፣ ማለትም ትንሹ የዘወትር ፊደል፣ ሾል ያለ ነው። ወደ ላይ የሚወጡት ዘንጎች ጫፋቸው እንደ ሽብልቅ ይሰፋል፤ «ኤር» (r) እና «ኤስ» (s) የተባሉት ፊደላት እግራቸውን ከመስመሩ በታች ይዘረጋሉ፤ «ጌ» (g) የተባለው ፊደል አናቱ ጠፍጣፋ ነው። ትልቁ መነሻ ፊደል ዙሪያውን በቀይ ነጥብ ይከበባል፤ ከእርሱ ቀጥለው ያሉት ፊደላት ደረጃ በደረጃ እያነሱ ከጽሑፉ ጋር ይቀላቀላሉ። ምሕጻረ ቃሎቻቸውም ልዩ ናቸው። በላቲን «እና» ለሚለው ቃል ሰባት ቁጥር የመሰለ ምልክት፣ «ነው» ለሚለው ከላይና ከታች ነጥብ ያለባት አግድም ሰረዝ ይጽፋሉ። ቃልን ከቃል በባዶ ቦታ የመለየት ልማድም ከደሴቶቹ የመጣ ነው፤ ላቲን የአፍ መፍቻቸው ስላልነበረ የተቀጣጠለ ጽሑፍ ማንበብ ያስቸግራቸው ነበር። በዚህ ረገድ የካሮሊን ጽሕፈት ከእነርሱ ብዙ ተምሯል የሚለውን አስተያየት እቀበላለሁ።

መጻሕፍቱ እንዴት ይጓዙ እንደነበር በደንብ የሚነግረን የቦኒፋስ ደብዳቤ ነው። ቦኒፋስ፣ በትውልድ ስሙ ዊንፍሪድ፣ የደቡብ እንግሊዟ የዌሴክስ ሰው ነው። ወደ ፍሪስያ መጀመሪያ የተሻገረው በ716 ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ የሚልካቸው ደብዳቤዎች ግማሹ መጽሐፍ ልመና ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። በ735 ገደማ ለእመ ምኔት ኤድቡርግ በጻፈው፣ የቅዱስ ጴጥሮስን መልእክታት በወርቅ እንድትጽፍለት ይለምናታል፤ ሥጋዊ ዓይን ላላቸው ሰዎች ሲሰብክ መጽሐፉ ክብር እንዲኖረው ፈልጓል። ለጽሕፈቱ የሚያስፈልገውንም በቄስ ኤኦባ እጅ ልኮላታል። ለዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ለኤግበርት የቤዳን ድርሳናት እንዲያስገለብጥለት ሲጠይቅ፣ ከወንድሞች ጋር አንድ ቀን ደስ እንዲላቸው ሁለት ትንንሽ በርሜል ወይን ልኳል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ለዊንቸስተሩ ጳጳስ ለዳንኤል የጻፈው ነው። መምህሩ አባ ዊንበርት ትቶት የሞተውን፣ ስድስት ነቢያት በአንድነት የተጻፉበትን መጽሐፍ እንዲልክለት ይማጸናል። ምክንያቱን ሲናገር፣ ዓይኔ እየደከመ ነው፣ ጥቃቅንና ምሕጻረ ቃል የበዛበትን ጽሑፍ ማንበብ አልቻልኩም፤ ያ መጽሐፍ ግን ፊደሉ ጎላ ብሎ ተለይቶ የተጻፈ ነው፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዚህ አገር አላገኝም ይላል። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስቡ፤ ዳንኤል ራሱ በዚያን ጊዜ ዓይነ ስውር ሆኖ ነበር። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ዓይኑ የጠፋ፣ ሌላው ሊጠፋ የደረሰ፣ በባሕር ማዶና ማዶ ሆነው ስለ ፊደል ጉልህነት ይጻጻፋሉ።

ቦኒፋስ በ754 ፍሪስያ ውስጥ ዶክም አጠገብ ተገደለ። ገዳዮቹ ወርቅ ይገኛል ብለው ሳጥኖቹን ሲሰብሩ መጻሕፍት አገኙ፤ በንዴት በሜዳውና በረግረጉ በተኗቸው። የእርሱ ናቸው የሚባሉ ሦስት መጻሕፍት እስከ ዛሬ ፉልዳ አሉ። አንደኛው በ546ና በ547 ኢጣሊያ ውስጥ ለካፑዋው ጳጳስ ለቪክቶር የተዘጋጀ ሲሆን፣ በያዕቆብ መልእክት ኅዳግ ላይ በአንግሎ ሳክሶን እጅ የተጻፈ ማብራሪያ አለበት፤ የቦኒፋስ የራሱ እጅ ነው የሚሉ አሉ። ሁለተኛው ካድሙግ የተባለ አየርላንዳዊ የጻፈው ትንሽ ወንጌል ነው። ሦስተኛው፣ ሲመቱት በራሱ ላይ የያዘው ነው የሚባለውና የስለት ጠባሳ ያለበት፣ በሉክሶይ ጽሕፈት የተጻፈ የፍራንክ መጽሐፍ ነው። አንድ አንግሎ ሳክሶን የኢጣሊያ፣ የአየርላንድና የፍራንክ መጽሐፍ ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው። ተጽዕኖውን የራስን ፊደል በሌላ ላይ መጫን አድርገን እንዳናስበው ይህ ይበቃል።

ሴቶቹን መርሳት አይገባም። የቦኒፋስ ዘመድ ሊዮባ በታውበርቢሾፍስሃይም፣ ቴክላ በኪትሲንገን የሴቶች ገዳማትን መርተዋል። ዛሬ በቩርዝቡርግ ባሉ የ8ኛው ምዕተ ዓመት ብራናዎች ላይ ጉንዛና አቢርሂልት የሚሉ የሴት ስሞች ተጽፈው ይገኛሉ። በዚያ አካባቢ ብዕር የያዘው ወንድ መነኩሴ ብቻ እንዳልነበረ ስማቸው ይመሰክራል።

ፉልዳና ቩርዝቡርግ የዚህ ትምህርት ሁለቱ ምሰሶዎች ናቸው። የቩርዝቡርግ የመጀመሪያ ጳጳስ ቡርክሃርድ አንግሎ ሳክሶን ነበር። በ800 ገደማ በአንድ የአውግስጢኖስ መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ በአንግሎ ሳክሶን ፊደል የተጻፈ የቤተ መጻሕፍቱ ዝርዝር አለ፤ ከ30 በላይ ርእሶች ይዟል፣ ወደ ፉልዳና ወደ ሆልትስኪርሸን በውሰት የወጡትም ምልክት ተደርጎባቸዋል። ሳልዝቡርግ ደግሞ በ8ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ኩትበርክት የተባለ አንግሎ ሳክሶን ወንጌል ጽፎ ስሙን ትቶበታል።

እነዚህ መጻሕፍት ራሳቸው ከጠፉ በኋላም ልጆቻቸው ያጋልጧቸዋል። ፍራንክ ጸሐፊ ከደሴታዊ መጽሐፍ ሲገለብጥ «ኤር»ን «ኤን»፣ «ኤስ»ን «ኤር» አድርጎ ያነባል፤ «ነገር ግን» ለሚለው የላቲን ቃል የቆመውን፣ «ሃ» (h) የተባለውን ፊደል ከነቅጥያው የሚመስለውን ምልክት «ይህ» ብሎ ይገለብጠዋል። የአንድ ጥንታዊ ሮማዊ ደራሲ ቅጂ በእንዲህ ያለ ስሕተት ከተሞላ፣ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ በደሴታዊ እጅ የተጻፈ እንደነበር መጠርጠር ይቻላል። ስሕተት የዘር ሐረግ ይቆጥራል ማለት ነው።

ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ አልነበረም። ዌርማውዝ-ጃሮ የተባለው የኖርዘምብሪያ መንታ ገዳም አበ ምኔት ቼዎልፍሪድ በ716 ለሮም ያሰናዳውን ግዙፍ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ወጥቶ መንገድ ላይ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ላንግር ከተማ፣ ሞተ። መጽሐፉ ከ1,000 በላይ ቅጠል አለው፤ ኡንሲያል በሚባለው ክብና ትልቅ የሮማውያን ፊደል እጅግ ተጠንቅቆ የተጻፈ በመሆኑ ለዘመናት የኢጣሊያ ሥራ ይመስል ነበር። ፍሎረንስ የሚገኘው ኮዴክስ አሚያቲኑስ ይህ ነው። የሰጪው ስም ተፍቆ በሌላ ተተክቶ ኖሮ፣ ማንነቱ የታወቀው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ነው።

የዚሁ ገዳም አበ ምኔትና የቤዳ ደቀ መዝሙር የነበረው ኩዝበርት በ764 ሉል ለሚባለው የጀርመኗ ማይንስ ጳጳስ የጻፈው ደብዳቤ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሉል የቤዳን መጻሕፍት ለምኗል፤ ለቤዳ አፅም የሐር ልብስም ልኳል። ኩዝበርት የሞክሼውን የቅዱስ ኩዝበርትን ገድል በግጥምም በዝርውም ላከለት፤ ከዚያ በላይ ስላልቻለ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ያለፈው ክረምት በብርድ፣ በበረዶና በማዕበል ደሴታችንን ክፉኛ ስላስጨነቃት የጸሐፊው እጅ ብዙ መጻፍ አልቻለም ይላል። በምላሹ የሚለምነው ሁለት ሰው ነው፦ የብርጭቆ ዕቃ መሥራት የሚችል ባለሙያ፣ እና በገና የሚደረድር ሰው፤ በገናው አለኝ፣ የሚደረድረው የለኝም ይላል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ልመና ስለበዛም የገዳሙ ጸሐፍት በ8ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ያንን ባለ ግርማ ኡንሲያል ትተው የቤዳን መጻሕፍት ፈጠን ባለው ንዑስ ፊደል መጻፍ እንደያዙ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። ተማሪው ቤት የተነሣው ጥማት የመምህሩን ቤት ጽሕፈት ለወጠው።

ፊደሉ እንዴት ጠፋ? ከ822 እስከ 842 የፉልዳ አበ ምኔት የነበረው ራባኑስ ማውሩስ በወጣትነቱ ቱር ሄዶ ከአልኩዊን እግር ሥር ተምሯል። በእርሱ ዘመን ፉልዳ ውስጥ አንግሎ ሳክሶኑ ፊደልና ካሮሊኑ ጎን ለጎን ይጻፉ ነበር፤ ሽማግሌው በአንዱ፣ ወጣቱ በሌላው። በ850 አካባቢ የድሮው አበቃ። ሐረጉ ግን ቀጠለ። በሰሜን ፈረንሳይ በቅዱስ አማንድ ገዳም የተሠራው፣ የንጉሥ መላጣው ቻርልስ ሁለተኛ መጽሐፍ ቅዱስ የሚባለው፣ ጽሕፈቱ ካሮሊን ሆኖ ትልልቅ መነሻ ፊደላቱ በደሴታዊ ሐረግ የተጠላለፉ ናቸው። ይህ የተሠራው በ870ዎቹ ነው፤ ዊሊብሮርድ ከተሻገረ ከ180 ዓመት በኋላ።

የመጨረሻውን ምልክት ማየት የሚፈልጉ ከሆነ፣ ካሰል ከተማ ያለውን አንድ የፉልዳ ብራና ምስል ይክፈቱ። የሃይማኖት መጽሐፍ ነው፤ በ830ዎቹ ገደማ ሁለት ጸሐፍት መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ በነበሩት ባዶ ገጾች አባትና ልጅ ሳይተዋወቁ ጦር ሜዳ ስለተገናኙበት ታሪክ የቆየ የጀርመንኛ ግጥም ጽፈውባቸዋል። ጽሕፈቱ በአብዛኛው ካሮሊን ነው። ለ«ወ» ድምፅ ግን ላቲኑ ፊደል ስላልነበረው፣ ጸሐፍቱ አንግሎ ሳክሶኖች ከጥንት የአረማውያን ፊደላቸው ያመጡትን «ዊን» የተባለ ፊደል ተጠቅመዋል፤ ከላዩም ትንሽ ጭረት ጨምረውበታል። በየመስመሩ ውስጥ እየፈለጉ ይቁጠሩት። ግጥሙ ፍልሚያው ሳያልቅ ገጹ ሞልቶ እዚያው ላይ ተቋርጧል።